የክት ሚዛን

ጥር ሃያ አንድ ቀን፣ ከጧቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ከሁሩሙ ገበያ አለፍ ብሎ በሚገኝ አንድ አዲስ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ውስጥ፣ አንድ ደወልና አንድ ድንጋይ በሚዛን ተመዘኑ። ደወሉ ወረደ፤ ድንጋዩ ወጣ።

ይህንኑ በሦስት መስመር ጽፌ ለጋዜጣዬ ላክሁት። አዘጋጁ «ዜና ላክ እንጂ እንቆቅልሽ አትላክ» ብሎ መለሰልኝ። አልፈርድበትም። በኢሉባቦር ጭቃ ጫማው ተይዞበት የማያውቅ ሰው፣ ደወል ከድንጋይ ጋር ለምን እንደሚመዘን በሦስት መስመር አይገባውም። ስለዚህ ከሥሩ ልጀምር።

ጋዜጠኛ ነኝ። በጎሬና በመቱ ብዙ ዓመት ተቀምጬ ባለሥልጣን ሲመጣ ጽፌአለሁ፤ ድልድይ በጎርፍ ሲሄድም ጽፌአለሁ። ደንቤ አንድ ነው፤ ያየሁትን አየሁ እላለሁ፣ የሰማሁትን ከማን እንደሰማሁ እናገራለሁ፣ የገመትሁትን ለራሴ አስቀራለሁ። በዚህ ደንብ የሚኖር ሰው ብዙ ወዳጅ አያፈራም፤ ደህና እንቅልፍ ግን ይተኛል። እንቅልፌን ያጣሁት ኦዲት ስጀምር ነው።

ኦዲቱን ያመጡብኝ ግራዝማች ወርቁ ናቸው። ከመቱ ገበያ በታች ዋና መጋዘን፣ በሁሩሙና በዳሪሙ ደግሞ መግዣ ጣቢያ የነበረው የአንድ ቡና ንግድ ማኅበር ሥራ አስኪያጅ ነበሩ። አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ደርሰው ሲመለሱ፣ ሌላው ሰው ጃንጥላና ጫማ ይዞ እንደሚመለሰው፣ እሳቸው «የውስጥ ኦዲት ክፍል» የሚባል ነገር ይዘው ተመለሱ። ደህና ማኅበር ሁሉ አለው ተብለው ነበር። እንደደረሱ አስጠሩኝ።

«አንተ ሰው መጠየቅ ታውቃለህ» አሉኝ።

«አውቃለሁ።»

«የሚመልሱልህንም ትጽፋለህ።»

«እጽፋለሁ።»

«በቃ፣ ኦዲት ማለት ይኸው ነው። የሚለየው ጋዜጣ ላይ አለመውጣቱ ብቻ ነው።»

«ግራዝማች፣ እኔ ሒሳብ አላውቅም።»

«ሒሳብ የሚያውቅማ ሒሳብ ሹሙ አለልኝ። እኔ የምፈልገው የማያምን ሰው ነው።»

ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ እሺ አልሁ። ጋዜጣው የሚከፍለኝ በመስመር ነበር፤ በዚያ ክረምት ደግሞ የቀረ ድልድይ ስላልነበረ የምጽፈው መስመር አልቆብኝ ነበር።

ለክፍሉ የተሰጠን ክፍል አልነበረም። ገንዘብ ያዡ ከሚቀመጥበት አዳራሽ አንድ ጥግ ተከፈለልን፤ ግድግዳው የቡና ጆንያ ነበር፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተደርድሮ። ስለ ገንዘብ ያዡ ስንመረምር ገንዘብ ያዡ ከጆንያው ወዲያ ሆኖ ያግዘን ነበር። «አይ፣ እሱ እንኳ የኅዳሩ ሒሳብ ነው፤ የጥቅምቱ ከሥሩ ነው ያለው» ይለናል፤ ደግ ሰው ነበር። ከዚያም ቡናው ገበያ ባገኘ ቁጥር ከግድግዳችን ጆንያ እየተነሣ ይጫናል። በጥር ግድግዳው ደረታችን ድረስ ወረደ፤ በየካቲት ገንዘብ ያዡና እኔ ፊት ለፊት ተቀምጠን እንተያይ ጀመር። የቁጥጥር ክፍል ነጻ መሆን አለበት ይባላል። የኛ ነጻነት ከቡና ገበያ ጋር ከፍና ዝቅ የሚል ነበር።

ረዳት ሆኖ የተሰጠኝ ቶሎሳ ነው። ቶሎሳ ፍርድ ቤት አስተርጓሚ የነበረ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም እኩል የሚቀልድ፣ ጽሑፉ የጠራ ሰው ነው። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረበት፤ ከመቱ እስከ ዳሪሙ ዘመዱ ያልሆነ ሰው አልነበረም። እኔ ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት ደንብ አወጣሁ፤ «ማንም ዘመዱን አይቆጣጠርም» የሚል። ቶሎሳ አነበበው፤ ደግሞ አነበበው፤ መነጽሩን አወለቀ።

«ጋሼ፣ ደንቡ መልካም ነው። በዚህ ደንብ እኔ መቆጣጠር የምችለው ጋምቤላን ነው። እዚያ ደግሞ ጣቢያ የለንም።»

ደንቡን አሻሻልነው፤ ዘመድ የሆነ ሰው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ዝምድናውን በግልጽ ይናገራል አልን። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ቁጥጥር በዝምድና ቆጠራ ይጀመር ነበር። ቶሎሳ ከአያቱ ይነሣል፤ እኔ እጠይቃለሁ፤ ተመርማሪው ያርማል፤ ብዙ ጊዜም ከእኛ ጋር የመጣው ነጂ ጭምር የአክስት ልጅ ሆኖ ይገኛል። ሚዛኑ ጋ የምንደርሰው ምሳ ከተበላ በኋላ ነው።

ምሳው ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። ተቆጣጣሪ ግን በበላበት መጮኽ ይከብደዋል። ዳሪሙ በእግር መንገድ ሳንነግራቸው ደርሰን እንይዛቸዋለን ብለን፣ በጫካው አቋርጠን፣ ጭቃው እስከ ጉልበታችን እየዋጠን ስንደርስ፣ የጣቢያው ሰዎች ማር አቅርበው፣ እግር መታጠቢያ ውሃ አሙቀው ሲጠብቁን አገኘን። «ምነው ቆያችሁ? ከትናንት ጀምሮ እየጠበቅናችሁ ነው» አሉን። እኛ ለመሄድ የወሰንነው ትናንት ማታ ነበር።

አሁን ወደ ጭንቁ ልግባ።

ከሁሩሙና ከዳሪሙ የተገዛው ቡና መቱ መጋዘን ይገባና ይቀላቀላል። ወደ አዲስ አበባ ሲጫን ይመዘናል። ከሁለት መከር ወዲህ፣ በጣቢያዎቹ ሲገዛ የተጻፈው ሚዛንና ከመጋዘን ሲወጣ ያለው ሚዛን አልገናኝ አለ። መጀመሪያ ትንሽ ነበር፤ አይጥ ነው ተባለ። ቀጥሎ ጨመረ፤ ቡናው ሲደርቅ ነው ተባለ። በሦስተኛው መከር ግን የጎደለው ከአይጥም ከፀሐይም አቅም በላይ ሆነ። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ወደ መጋዘን ኃላፊው ወደ ዲንሳ ዞረ።

ዲንሳ ቀጭን፣ ቃሉ ቁጥብ፣ በሰባት ቁልፍ የሚሄድ ሰው ነው። ጆንያው ሲገባ ቆጥሮ ይፈርማል እንጂ አይመዝንም ነበር፤ «ሁሩሙ መዝኖታል፣ ቡና ስንት ጊዜ ይመዘናል» ብለው ግራዝማች ራሳቸው ያዘዙት ነው። በፈረመው መሠረት ግን ጉድለቱ የእሱ ሆነ። ግራዝማች እስከ ጥር መጨረሻ ቀን ሰጡት፤ ጉድለቱን ካላስረዳ ከሥራ ይወጣል፣ ነገሩም ለፖሊስ ይተላለፋል። ዋሱ የሚስቱ ወንድም ደበበ ነበር፤ ያስያዘው በሶር ወንዝ መንገድ ላይ ያለውን አንድ ቤቱን ነው፤ አምስት ልጅ ያለበት ቤት። ደበበና ዲንሳ አንድ አጥር የሚለያቸው ጎረቤቶች ነበሩ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ደበበ አጥሩ ላይ እሾህ ጨመረ።

ግራዝማች እኔን ወደ ሁሩሙ ላኩኝ። «መጀመሪያ ደብዳቤ ይጻፍላቸው» አሉ። «ሰው ቤት ሳይነግሩ መሄድ ነውር ነው።»

የሁሩሙ ጣቢያ ኃላፊ ገለታ ይባላል። ትልቅ ሰውነት፣ ከዚያ የሚበልጥ ትሕትና። ከበሩ ወጥቶ በኦሮምኛ «አካም ጅርቱ፣ ነጋ፣ ፋያ» እያለ ደኅንነታችንን እየጠየቀ ሳመን፤ ቶሎሳ ዝምድናውን አስረዳ፤ ሙክት ታረደ። ከዚያ ሚዛኑን አየሁ። ሁለት ሳሕን ያለው፣ ከወራጅ የተንጠለጠለ ሚዛን ነው። በአንዱ ሳሕን የሚቀመጠው የፈረሱላ፣ አሥራ ሰባት ኪሎ ያህል የሚመዝን ብረት ነው፤ ክብ፣ ወፍራም፣ ከላይ ቀለበት ያለው፣ የመዳብ ጉልላት ይመስል የተወለወለ። ከመቱ ይዤ በሄድሁት ብረት አስተያየሁት። ልክ ነበር። ከተመዘኑት ጆንያዎች ጥቂቱን ደግሜ አስመዘንሁ፤ እኔ ፊት የተገዙ ነበሩና ልክ ሆኑ። ክፍላችን ያየውን ነገር በቀይ ቀለም ምልክት የማድረግ ልማድ ነበረው፤ በብረቱ ጎን ላይ በእጄ ቀይ መስቀለኛ ምልክት አደረግሁበት። እርሳሴ ዶልዱሞ ስለነበረ በሩ አጠገብ በነበረ ጥሩ መሳያ ድንጋይ ላይ ሰንጢዬን ስዬ ቀረጽሁት። ሪፖርቱን እዚያው ጻፍሁ፤ «ሁሩሙ ንጹሕ ነው።»

ግራዝማች ደስ አላላቸውም። «ነግረሃቸው ስለሄድህ ነው» አሉኝ፤ ንገራቸው ያሉኝ እሳቸው መሆናቸውን አላነሣሁም።

ሁለተኛው ጉዞ ያለ ደብዳቤ ሆነ። በጭነት መኪና ሄድን። ነጂው የታወቀ ጨዋ ሰው ነው፤ በየጠመዝማዛው ጡሩንባ ሲነፋ ለእንስሳት መስሎኝ ነበር። ለካ አንድ ረጅም ሲነፋ ጨው መጣ ማለት ነው፤ ሁለት አጭር ሲነፋ እንግዳ መጣ ማለት ነው። ሁሩሙ መግቢያ ላይ አንድ ሰውዬ በጋቢ የተጠቀለለ ነገር ደረቱ ላይ ታቅፎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ እያለከለከ በፊታችን ሲያቋርጥ አየን።

«የታመመ ልጅ ይሆናል፤ ከበድ ብሎታል» አለ ቶሎሳ።

«እግዜር ይማረው» አልሁ፤ መኪናውም ቆሞ አሳለፈው።

ጣቢያው ስንደርስ ብረቱ እንደ ተወለወለ ሳሕኑ ላይ ተቀምጧል፤ ቀዩ ምልክቴም አለ። ልክ ነበር። ሁለተኛ ሪፖርት ጻፍሁ፤ «ሁሩሙ ዳግመኛ ንጹሕ ሆኖ ተገኝቷል።»

በማግስቱ ዲንሳ ከጆንያው ግድግዳ ወዲያ ቆመ። ግድግዳው ገና ከፍ ያለ ስለነበረ የታየኝ ባርኔጣው ነው።

«ሪፖርትዎን አነበብኩት፣ ጋሼ» አለኝ።

«እንዴት አገኙት፣ ጋሼ ዲንሳ?»

«ጥሩ ተጽፏል። እኔን ለማሳሰር ከዚህ የተሻለ አማርኛ አይገኝም። ሁሩሙ ንጹሕ፣ ዳሪሙ ንጹሕ፣ መኪናው ንጹሕ። የቀረሁት እኔ ነኝ። እኔን ደግሞ ቡና አይስማማኝም፤ ልቤን ያርገበግበዋል።»

ባርኔጣው ሄደ። ከጆንያው ወዲያ ያለው ገንዘብ ያዥ መዝገቡን ከደነ። ቶሎሳ መነጽሩን ጠረገ። እኔ ሪፖርቶቼን አውጥቼ አየኋቸው፤ እያንዳንዱ ቃል ያየሁትን ነው የሚለው። ያየሁት እውነት ሰውን ወደ ወኅኒ እየወሰደ ነበር። እውነትነቱስ እውነት ነው፤ ነገር ግን የሚታየኝ በቀጠሮ ብቻ እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ።

በዚህ መካከል ከአዘጋጁ ደብዳቤ መጣ። «የጠቅላይ ግዛቱን የጥር በዓላት ብትጽፍልን» ይላል። ለአስተርእዮ ማርያም ሁሩሙ አጠገብ ያለው አዲሱ ቤተ ክርስቲያን ሊያነግሥ ነው ተባለ። እኔም ኦዲቱን መቱ ላይ ትቼው፣ ነጭ ለብሼ፣ በበቅሎ ሄድሁ። ጡሩንባ የነፋልኝ አልነበረም፤ ንግሥ የሚሄድ ሰው ማንንም አያስፈራም። ቶሎሳም አክስቱ ጋ በዓል ሊውል አብሮኝ መጣ። በመንገድ ላይ በተሰለፈው ሕዝብ መካከል የዲንሳ ዋስ ደበበ ጧፍ ይዞ ሲሄድ አየሁት። ሰላምታ ሰጠሁት፤ ጧፉን ወደ ሌላው እጁ አዛወረ።

የደወሉ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። ደረቅ፣ አጭር፣ ግን የሚሰማ ድምፅ ነው። ቅዳሴ ካለቀ በኋላ፣ ጽሑፌ ውስጥ ስለ ደወሉ አንድ መስመር ላስገባ ብዬ ደወሉ ከተሰቀለበት ዋንዛ ሥር ሄጄ ቀና አልሁ። ጋዜጠኛ የሚጽፈውን ነገር መልክ ማወቅ አለበት። ደወሉ ክብ ነው። ወፍራም ነው። ከላይ በቀለበቱ ተንጠልጥሏል። በጎኑ ላይ ቀይ መስቀለኛ ምልክት አለበት።

ምልክቱ የእጄ ሥራ ነው። የግራው ክንድ ትንሽ ይንጋደዳል፤ ስቀባው የበላሁት ሙክት ከብዶኝ ነበር።

በአጠገቤ የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቁት ቄሰ ገበዝ ቆመው ነበር፤ ጢማቸው ገብስማ የሆነ፣ ዓይናቸው የማይተኛ ሰው።

«አባ፣ ይህ ደወል ከየት መጣ?»

«ገለታ ነው የሰጠን፤ ነፍሱን ይማረውና።»

«ሞተ እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነው። ሲሞት እንዳይረሳ አስቀድመን ነው የምንጸልይለት። የኛ ደወል ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ብሎ ነው የሰጠን፤ ይኸው አራተኛ ዓመቱ።»

«ከሰጣችሁ ወዲህ መልሶ ወስዶት አያውቅም?»

«አልፎ አልፎ ይወስደዋል፤ እንግዳ ሲመጣበት። ታማኝ ነው፣ በማግስቱ ይመልሳል። በዚህ ዓመት ሁለቴ ወስዶ ሁለቴ መልሷል።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ብቻ በመጀመሪያው ጊዜ ሲመልሰው አንድ ባለጌ ቀይ ቀለም ቀብቶታል። ብንፈገፍገው ብንፈገፍገው አልለቅ አለ።»

«ጥሩ ቀለም ነው» አልሁ።

ገለታን ከሕዝቡ መካከል አገኘሁት። ሲያየኝ ደነገጠ፤ ግን ድንጋጤው የሌባ አልነበረም። ጓዳዋ ባዶ ሆኖ ሳለ አማቷ እንደደረሰችባት ሴት ነው የደነገጠው።

«ምነው ጋሼ፣ ሳይነግሩን? ብረቱን ባወጣንልዎ ነበር።»

«ሌላ ቀንስ በምን ይመዝናሉ፣ አቶ ገለታ?»

«በዘወትሩ ነዋ።»

«የዘወትሩ ምንድን ነው?»

ግራ ገባው። ሰው ሁሉ የክትና የዘወትር አለው፤ ነጠላውም፣ ጫማውም፣ ብርጭቆውም እንደዚሁ። የክቱ ለእንግዳ ይወጣል፤ የዘወትሩ ለራስ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው እንዴት ጋዜጠኛ ሆነ ብሎ ያሰበ ይመስለኛል። እጄን ይዞ ወደ ጣቢያው ወሰደኝ፤ ቶሎሳም ተከተለን።

«ይኸው» አለ።

በበሩ አጠገብ ያለው መሳያ ድንጋይ ነበር። አንድ ሰውዬ ተንበርክኮበት ለበዓሉ የሚያርድበትን ቢላ እየሳለ ነው፤ ሌሎች ሁለት ቢላ የያዙ ሰዎች ተራ ይጠብቃሉ። ድንጋዩ መካከሉ ጎድጉዶ ኮርቻ መስሏል።

«ልክ ነው» አለ ገለታ፤ ድንጋዩን እንደ በሬ ጀርባ መታ መታ አደረገው። «ብረቱን ለቤተ ክርስቲያን ስሰጥ ከወንዝ መርጠን፣ እየጠረብን፣ ከብረቱ ጋር በሚዛን አስተያይተን ነው ያስቀመጥነው። ቄሰ ገበዙ ምስክሬ ናቸው። አንድ ፍሬ ቡና አይበልጥም፣ አያንስም ነበር።»

«ያን ጊዜ።»

«ያን ጊዜ። ድንጋይ እኮ ነው ጋሼ፤ ድንጋይ ምን ይሆናል?»

ቢላው ፊሽ ፊሽ ይላል። ከድንጋዩ የወረደው ዱቄት መሬቱን ነጭ አድርጎታል። የቡና ገበሬ ተራውን ሲጠብቅ እጁን አያጣጥፍም፤ ማጭዱን ይስላል፣ ገጀራውን ይስላል፣ የጎረቤቱንም ተቀብሎ ይስላል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይሉ የለም? ድንጋዩም በሁሩሙ ቢላ ላይ ሆኖ ቀስ በቀስ ሄዷል። የውስጥ ኦዲት ክፍል ሰንጢም የድርሻዋን እንደወሰደች ለቶሎሳ ነገርሁት፤ «ይመዝገብ?» አለኝ። «ይመዝገብ» አልሁ።

ብረቱ መጥቶ ከድንጋዩ ጋር ይመዘን ብል፣ ቄሰ ገበዙ ከዋንዛው ሥር ቆሙ።

«ለታቦት የተሰጠ አይወጣም።»

«ለገለታ ይወጣ የለም ወይ፣ አባ?»

«ለእንግዳ ክብር ነው የወጣው። እርስዎ ዛሬ የመጡት እንግዳ ሆነው ነው ወይስ ተቆጣጣሪ ሆነው?»

ብዙ ሰው ጠይቄ አውቃለሁ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀኝ ግን አልነበረም። ቤተ ክርስቲያኗ ያላት የቁጥጥር ክፍል አንድ ሰው ነው፤ በጆንያም አልተጋረደም።

«በዓል ላከብር ነው የመጣሁት» አልሁ። «ደወሉ አይውጣ። ሚዛኑ ወደ ደወሉ ይምጣ።»

አሰቡበት። «ሚዛን መግባት ይችላል» አሉ። «ቅዱስ ሚካኤልም ሚዛን ይዟል።»

ሚዛኑ መጣ፤ ከዋንዛው ቅርንጫፍ ተንጠለጠለ። ድንጋዩን አንድ ሰው ታቅፎ አመጣው። ነገሩ ከአፍ ወደ አፍ ሄዶ የሁሩሙ ሕዝብ ግማሹ ከበበን። ልንጀምር ስንል ቶሎሳ እጁን አነሣ።

«በደንቡ መሠረት ዝምድናዬን ላሳውቅ» አለ። ከገለታ ጀመረ፤ ወደ ድንጋይ ተሸካሚው አለፈ፤ ቄሰ ገበዙ ጋ ሲደርስ በእናታቸው በኩል እንደሚገናኙ ራሳቸው ነገሩት። ሕዝቡ በትዕግሥት ሰማ፤ የተረሳም ሲኖር አስታወሰ። የበቅሎዬ ጠባቂ ብቻ ዘመድ ሳይሆን ቀረ፤ ቅር አለው።

ከዚያ ተመዘነ። ደወሉ ወረደ፤ ድንጋዩ ወጣ።

ገለታ ወደ ሚዛኑ ተጠጋ፤ ገመዱን ነካ፤ ሳሕኑን አየ። ትልቁ ሰውነቱ ያነሰ መሰለኝ። በድንጋዩ በኩል ቡና በጣሳ እየጨመርን ሞላን፤ ሚዛኑ እስኪተካከል የገባው ቡና ቀላል አልነበረም።

«እንግዲህ ቡናውን የበላው ቢላችን ነው» አሉ አንድ ሽማግሌ። «አሁን የተሳለው ሁሉ ይደንዝ ልትሉን ነው?»

ሰው ሳቀ፤ ገለታ ግን አልሳቀም። «ዲንሳን አሰቃየሁት» አለ፤ ለማንም አልነበረም።

ያን ጊዜ ከሰው መካከል ደበበ ወጣ። ጧፉ አልቆ ጭራው በእጁ ቀርቷል። ሚዛኑን ጎንበስ ብሎ ከሥር አየ፤ ቀና ብሎ ከላይ አየ። ከዚያ ወደ እኔ መጣ።

«ጋሼ፣ ይህን ይጽፉታል?»

«እጽፈዋለሁ።»

«ዛሬ?»

«ዛሬ። እዚሁ።»

ተንበርክኬ በቄሰ ገበዙ አትሮንስ ላይ ጻፍሁ። ቄሰ ገበዙ፣ ገለታና ሽማግሌው ፈረሙ። ደበበ ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ እያለ ያዘልኝ።

በመቱ የማኅበሩ ቦርድ ሲሰበሰብ ድንጋዩን አስገባሁት፤ አንድ ወዛደር አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። እውነቱን ለመናገር፣ የጎደለው ቡናና የተሳለው ድንጋይ ፍሬ በፍሬ አልገጠሙም። ድንጋዩ በየዓመቱ ስንት እንደሄደ የሚያውቀው የለም፤ ቢላ መዝገብ አይዝም። የዚህ መከር ጉድለት ግን በድንጋዩ ጉድለት ልክ ለመሆን ጥቂት ነው የቀረው። ያን ጥቂት አይጥ ይውሰደው አልሁ። ቀድሞም በአይጥ ነበር የተሳበበው።

ግራዝማች ድንጋዩን ብዙ አዩት።

«በበዓል ቀን ነው ኦዲት ያደረግኸው?»

«ዜና ልጽፍ ነው የሄድኩት፣ ግራዝማች።»

«ሳትነግራቸው?»

«ለማርያም ነግሬ ነው።»

የቦርዱ ሰብሳቢ፣ ከዚያ በፊት ሲስቁ ታይተው የማያውቁ ሰው፣ መሐረባቸውን አውጥተው ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ በኋላ የተወሰነው ቶሎ ቶሎ ነው። ዲንሳ በሥራው ይቀጥላል፤ የደበበ ዋስትና በቤቱ ላይ ጉዳት ሳያመጣ ይጸናል። መቱ የሚገባ ቡና ሁሉ ሲገባ ይመዘናል። ክፍላችን ሪፖርቱን ለግራዝማች ሳይሆን ለቦርዱ ይሰጣል፤ ሲሄድም ደብዳቤ አይጽፍም። ግራዝማች ይህን የመጨረሻውን ሲሰሙ «ነውር ነው» አሉ፤ ፈረሙ ግን። ገለታን ማንም ሌባ አላለውም፤ ሆኖም በየጊዜው መቱ እየመጣ የሚመዝንበትን እንዲያሳይ ታዘዘ፤ እስካሁን ከሁሉ የበለጠ ጠንቃቃው እሱ ነው። ለእኛም ክፍል ተሠራልን፤ ግድግዳው ጣውላ ነው። ገንዘብ ያዡ ናፍቆን አልፎ አልፎ በሩን ያንኳኳል፤ ኅዳርንና ጥቅምትን ለይቶ ሰጥቶን ይሄዳል።

ድንጋዩ በራችን ላይ ነው። «መሳል ክልክል ነው» ብለን ጽፈንበታል። ቢሆንም ጧት ጧት አጠገቡ ነጭ ዱቄት እናገኛለን፤ ጉዳዩ በምርመራ ላይ ነው።

ዲንሳና ደበበ በጥር መጨረሻ እሑድ አጥሩ ላይ ያለውን እሾህ ሲነቅሉ አይቻለሁ። አንዱ ይነቅላል፣ ሌላው ይከምራል። ሲጨርሱ ደበበ «ና ግባ» አለው። ይህን የሰማሁት ከቶሎሳ ነው፤ ቶሎሳ ለሁለቱም ዘመድ ነው።

ብረቱን ማኅበሩ ለቤተ ክርስቲያኑ በስጦታ ሰጠ። ለሁሩሙ ሌላ የፈረሱላ ብረት ከአዲስ አበባ ታዘዘ፤ በመጋቢት በአውቶቡስ መጣ። መዝኖ የተረከበው የመጋዘን ኃላፊው ዲንሳ ነው። አዲሱ ብረት ማንጠልጠያ ቀለበት የለውም።